ሌሊት የሚጥለው ሰው ለብቻው ሲተኛ፦ በእንቅልፍ ስለሚደርስ ድንገተኛ ሞት ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ወንድሜ 23 ዓመቱ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚጥል በሽታ አለበት፤ ማታ ማታ 100 ሚሊግራም ፌኖባርቢታል ይወስዳል። ድሮ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ይጥለው ነበር፤ አሁን በወር አንዴ ያህል ነው፣ ያውም ሌሊት ተኝቶ። አዳማ ሥራ አግኝቶ ለብቻው ቤት ሊከራይ ነው። በቅርቡ የሰፈራችን ልጅ፣ እሷም ይኸው ሕመም የነበረባት፣ ጠዋት አልጋዋ ላይ ሞታ ተገኘች። ሰው ብዙ ያወራል። እውን ይህ በሽታ በእንቅልፍ ይገድላል? ለወንድሜስ ልንገረው ወይስ ዝም ልበል?»

ምላሽ፦

አዎ፣ የሚጥል በሽታ በእንቅልፍ ሊገድል ይችላል። ብዙ ሰው ላይ የሚደርስ ነገር አይደለም፤ የወንድምዎ ሁኔታ ግን አደጋው ከፍ ከሚልባቸው አንዱ ነው። ደግነቱ አደጋውን በእጅጉ መቀነስ ከሚቻልባቸውም አንዱ ነው። ስለዚህ ይንገሩት፤ ቤቱን ሳይከራይ በፊት።

ይህ ዓይነቱ ሞት በሕክምናው ዘንድ ሱዴፕ በሚል ምህጻር ይጠራል። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው፣ ሌላው ጤናው ደህና ሆኖ ሳለ፣ በድንገት ይሞታል። ወድቆ ተጎድቶ አይደለም፤ ውኃ ውስጥ ሰጥሞ አይደለም፤ ሳያቋርጥ ለረጅም ጊዜ አንቀጥቅጦትም አይደለም። አስከሬኑ ሲመረመር ለሞት የሚያበቃ ሌላ ምክንያት አይገኝም። አገራችን ውስጥ እንዲህ ላለው ሞት የአስከሬን ምርመራ እምብዛም ስለማይደረግ፣ ቤተሰብ ምላሽ ሳያገኝ ይቀራል፣ ክፍተቱንም ወሬ ይሞላዋል። የሰፈራችሁ ልጅ በምን እንደሞተች ከዚህ ሆኖ መናገር አይቻልም። «ቡዳ ነው»፣ «መድኃኒቱ ነው የገደላት»፣ «እናቷ ቸል ብላት ነው» የሚለው ወሬ ግን ሐዘን ላይ ያለ ቤተሰብን መበደል ነው፤ በተለይ ሁለተኛው ሌሎች ታማሚዎች መድኃኒታቸውን እንዲጥሉ ስለሚያደርግ ሌላ ሞት ያስከትላል።

ቁጥሩን በትክክል ማወቅ ይጠቅማል። የአሜሪካ የኒውሮሎጂ አካዳሚ እና የአሜሪካ የሚጥል በሽታ ማኅበር በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጡት መመሪያ መሠረት፣ ከ1,000 አዋቂ ታማሚዎች መካከል በዓመት በዚህ መንገድ የሚሞተው 1 ሰው ያህል ነው። 999ኙ ላይ አይደርስም ማለት ነው። ነገር ግን አደጋው ለሁሉም እኩል አይደለም። ለአፍታ ፈዝዞ የሚመለስ ወይም አንድ እጁ ብቻ የሚንቀጠቀጥ ሰውና መላ ሰውነቱ ደርቆ፣ ራሱን ስቶ፣ የሚንዘፈዘፍ ሰው አንድ አይደሉም። አደጋው ያለው በዋናነት በሁለተኛው ላይ ነው። በዚሁ መመሪያ፣ እንዲህ ያለው መንቀጥቀጥ በዓመት ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ የሚነሳበት ሰው ላይ አደጋው 15 እጥፍ ያህል ይጨምራል።

በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመ የስዊድን ጥናት የወንድምዎን ጉዳይ ይበልጥ ይነካል። ባለፈው አንድ ዓመት መላ ሰውነትን የሚያንዘፈዝፍ መንቀጥቀጥ የነበረባቸው ሰዎች አደጋቸው ካልነበረባቸው 27 እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኝቷል። ይህም ኖሮባቸው ከሌላ ሰው ጋር አንድ ክፍል የማይተኙት ደግሞ 67 እጥፍ ያህል። ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ ግን መነሻው በጣም ትንሽ እንደሆነ አይርሱ። ከቁጥሩ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ሁለቱ ነገሮች በእጃችን ያሉ መሆናቸው ነው፦ መንቀጥቀጡን ማስቆም፣ እና ሌሊት ለብቻ አለመተኛት።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን ካልገባ፣ የሚደረገው ጥንቃቄ ሁሉ የዘፈቀደ ይመስላል። ከትልቅ መንቀጥቀጥ በኋላ አንጎል ለደቂቃዎች እንደ ጠፋ ይሆናል። ትንፋሽን የሚመራው ክፍልም፣ ሰውን ከእንቅልፍ የሚያነቃው ክፍልም አብረው ይደክማሉ። ጤነኛ ሰው ተኝቶ ፊቱ ትራስ ውስጥ ቢቀበር፣ አየር ሲያጥረው ሳያውቀው አንገቱን ያዞራል። አሁን የተንቀጠቀጠ ሰው ግን ይህን ማድረግ አይችልም። በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት፣ በሆስፒታል ውስጥ የአንጎል ሞገዳቸው እየተቀረጸ ሳለ በዚህ ሁኔታ የሞቱ 16 ሰዎችን መረመረ። ከ16ቱ 14ቱ የሞቱት ሌሊት ነው፤ አብዛኞቹም በሆዳቸው ተደፍተው ነበር። ቅደም ተከተሉም ታይቷል፦ መንቀጥቀጡ ያበቃል፣ ሰውየው ለጥቂት ጊዜ በፍጥነት ይተነፍሳል፣ ከዚያ ትንፋሹ እየተቆራረጠ ይቆማል፣ ልብ የሚቆመው ከዚያ በኋላ ነው። ልባቸው ቆሞ ከሞት በተመለሱት ላይ ደግሞ ደረት የመጫንና የማስተንፈስ ሥራው የተጀመረው በ3 ደቂቃ ውስጥ ነበር።

ትንፋሽ ከልብ ቀድሞ የሚቆም መሆኑ ትልቅ ነገር ነው። አጠገቡ ያለ ሰው ገልብጦ በጎኑ ቢያስተኛው፣ ቢነካካው፣ ስሙን ቢጠራው ትንፋሹ ሊመለስ የሚችልበት ጊዜ አለ ማለት ነው። ያ ጊዜ ግን የሚቆጠረው በደቂቃዎች ነው። ጎረቤት ተጠርቶ፣ በር ተሰብሮ፣ መኪና ተፈልጎ የሚደረስበት አይደለም።

አሁን ወደ መድኃኒቱ። በወር አንዴ የሚለውን «ደህና ነው፣ ቀንሶለታል» ብለው እንዳይተዉት። በሳምንት ሦስቴ ከመጣል አንጻር ትልቅ ለውጥ ነው፤ ሆኖም በዓመት 12 ጊዜ ማለት ነው፣ አደጋው ከፍ ይላል ከተባለበት ከሦስቱ አራት እጥፍ። ግቡ መቀነስ ሳይሆን ጨርሶ ማቆም ነው። ብዙ ታማሚ አንድ መጠን ላይ ለዓመታት ተቀምጦ የሚቀረው፣ ክትትል ላይ «እንዴት ነህ?» ሲባል «ደህና ነኝ» ብሎ መድኃኒቱን ተቀብሎ ስለሚመለስ ነው። ሐኪሙ የሚያውቀው የተነገረውን ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ለአዋቂ የሚያስቀምጠው የፌኖባርቢታል መጠን በቀን ከ60 እስከ 180 ሚሊግራም ነው። ወንድምዎ 100 ላይ ነው፤ ስለዚህ ሐኪሙ ሊጨምርበት የሚችል ቦታ አለ። የ30 እና የ100 ሚሊግራም ፍሬዎች ስላሉ ወደ 130፣ ከዚያ ወደ 160 በደረጃ መውጣት ይቻላል። እዚህ ላይ የሚሳሳቱ ብዙ ናቸው፦ ፌኖባርቢታል ከሰውነት የሚወጣው በጣም በዝግታ ስለሆነ፣ አዲስ መጠን ደም ውስጥ ተረጋግቶ ለመገኘት ሦስት ሳምንት ያህል ይፈልጋል። ተጨምሮለት በሳምንቱ ቢጥለው «አልሠራም» ማለት አይቻልም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት መደንዘዝና እንቅልፍ ማብዛት ይኖራል፤ አብዛኛውን ጊዜ እየቀለለ ይሄዳል። መጠኑን ግን እናንተው ቤት ውስጥ አትጨምሩ።

በበቂ መጠን፣ ሳይቋረጥ ተወስዶ ካልቆመለት፣ ሐኪሙ ወደ ሌላ መድኃኒት ይሄዳል፤ ለምሳሌ ካርባማዜፒን፣ ቫልፕሮኤት፣ ላሞትሪጂን ወይም ሌቬቲራሴታም። ምርጫው እንደ በሽታው ዓይነት ይለያያል። ካርባማዜፒን ከአንድ የአንጎል ክፍል ለሚነሳው ጥሩ ሆኖ ሳለ፣ ጠዋት ጠዋት እጅን ድንገት ብድግ የሚያደርገውን ዓይነት ሊያባብስ ይችላል። ስለዚህ ከእንቅልፉ ሲነሳ ብርጭቆ ከእጁ ያመልጠው እንደሆነ ለሐኪሙ ይንገሩ። (ይህን የሚያነቡ ሴቶች ደግሞ ልብ ይበሉ፦ ቫልፕሮኤት በእርግዝና ጊዜ ፅንስን ስለሚጎዳ፣ ልጅ መውለድ በሚቻልበት ዕድሜ ላሉ ሴቶች በተቻለ መጠን አይመረጥም። እየወሰዱት ከሆነም በራስዎ አያቁሙ፤ ሐኪምዎን ያማክሩ።) መድኃኒት ሲቀየርም አዲሱ እየጨመረ አሮጌው ቀስ እያለ ነው የሚወጣው። በአግባቡ የተመረጡ ሁለት መድኃኒቶች በበቂ መጠን ተሞክረው ካላቆሙት፣ የነርቭ ሐኪም ሊያየው፣ የአንጎል ሞገድ ምርመራና ኤምአርአይ ሊደረግለት ይገባል።

ከሁሉም የከፋው መድኃኒትን በድንገት ማቋረጥ ነው፤ በእኛ ዘንድ ደግሞ ለማቋረጥ ምክንያት አይጠፋም። ጠበል፣ ጾም፣ «አሁንማ ተሽሎኛል»፣ ፋርማሲ ላይ መጥፋቱ፣ የገንዘብ እጥረት። ፌኖባርቢታል ላይ አንድ የሚያታልል ነገር አለ። ዛሬ ቢቆም ነገ ምንም አይሆንም፤ ከነገ ወዲያም እንዲሁ። መድኃኒቱ ደም ውስጥ ገና አለና። አንድ ሰው ጠበል ሊጠመቅ ሄዶ መድኃኒቱን ቢተው፣ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ደህና ሆኖ ያሳልፍና ተፈወስኩ ይላል። ከዚያ ቀናት ወይም ሳምንት አልፎ፣ የለመደው አንጎል መድኃኒቱን ሲያጣ፣ ከቀድሞው የባሰ፣ አንዳንዴም በላይ በላዩ የሚደጋገም መንቀጥቀጥ ይነሳል። ጠበሉን መተው አያስፈልግም። እየተጠመቁ፣ እየጸለዩ መድኃኒቱን መውሰድ ይቻላል፤ ይህን የሚደግፉ አባቶችም አሉ። ፌኖባርቢታል በቀን አንድ ጊዜ፣ ማታ የሚወሰድ ስለሆነ ለጾመኛም፣ በረመዳን ለሚጾምም አይከብድም።

አንድ ማታ ቢረሳ፣ ባስታወሰበት ሰዓት ይውሰድ፤ የሚቀጥለው ሰዓት ከተቃረበ ግን የተረሳውን ይተወው፣ ደርቦ አይዋጥ። ቤት ውስጥ ምንጊዜም የሁለት ሳምንት ያህል ተጠባባቂ ይኑር። ሊያልቅ ሲል ሳይሆን፣ ተጠባባቂው ሳይቆጠር አሥር ቀን ሲቀረው ነው ፍለጋ የሚጀመረው። ፌኖባርቢታል ቁጥጥር ያለበት መድኃኒት ስለሆነ በልዩ ማዘዣ ነው የሚሰጠው፤ ዓርብ ማታ ሲያልቅ ሮጦ የሚገዛ አይደለም።

እንቅልፍ ማጣት፣ ጫት ቅሞ ማደር፣ አልኮል በነጋታው የሚያመጣው ውጤት፣ እነዚህ ሁሉ መንቀጥቀጥ ይቀሰቅሳሉ። አልኮል ከፌኖባርቢታል ጋር ሲገናኝ ሁለቱም ትንፋሽን ስለሚያደክሙ አደጋው እጥፍ ነው። ትራማዶል የሚባለውን የሕመም ማስታገሻም ይጠንቀቅ፤ ራሱ መንቀጥቀጥ ያስነሳል። ለወባም ይሁን ለጥርስ ሕመም የትኛውም ጤና ተቋም ሲሄድ «የሚጥል በሽታ አለብኝ፣ ይህን እወስዳለሁ» ማለትን ይልመድ።

አሁን ሌሊቱ። በእኔ ግምት፣ መንቀጥቀጡ እስኪቆም ድረስ አዳማ ላይ ለብቻው መተኛት የለበትም። ከሌላ የሥራ ባልደረባ ጋር ተጋርቶ መከራየት፣ ዘመድ ካለ እዚያ ማረፍ፣ ካልሆነ አከራይ ያለበት ግቢ ውስጥ፣ ግድግዳ የሚጋራ ክፍል መያዝ ይሻላል። ከሁሉም የሚመረጠው አንድ ክፍል ውስጥ የሚተኛ ሰው መኖሩ ነው፤ በሌላ ክፍል ያለ ሰው ያንኑ ያህል አይጠቅምም፣ ከማንም አለመኖር ግን ይሻላል። በሩን ከውስጥ በመቀርቀሪያ አይዝጋ፤ በቁልፍ ይዝጋና ትርፉን ቁልፍ የሚያምነው ሰው ይያዝለት። ጠዋትና ማታ ስልክ መደወል ጥሩ ነው፤ ግን አይሸውደን፣ የጠዋት ስልክ ሌሊት ላይ ለደረሰ ነገር አይደርስም።

በጀርባ ወይም በጎን መተኛት ከመደፋት ይሻላል፤ ሲንቀጠቀጥ ግን ሰውነቱ ሊገለበጥ ስለሚችል ይህ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ትራሱ ቀጠን፣ ጠንከር ያለ ይሁን። «እንዳያፍን» ተብለው የሚሸጡ ልዩ ትራሶች ሕይወት ለማትረፋቸው ማስረጃ የለም። በእጅ ታስረው ወይም አልጋ ላይ ተቀምጠው መንቀጥቀጥ ሲነሳ ስልክ ላይ ማስጠንቀቂያ የሚልኩ መሣሪያዎች አሉ፤ ውጭ ያለ ዘመድ ሊልክላችሁ ይችል ይሆናል። የሚጠቅሙት ግን ማስጠንቀቂያውን ሰምቶ በደቂቃዎች ውስጥ አልጋው አጠገብ የሚደርስ ሰው ካለ ነው። እርስዎ አዲስ አበባ፣ እሱ አዳማ ሆናችሁ ስልክዎ ቢጮህ፣ ቁልፍ ያለው ጎረቤት ስልክ ቁጥር ከሌለዎት ምንም አይሠራም።

አብሮት የሚኖረው ሰው ማወቅ ያለበት ይህ ነው፤ ይዘው ሄደው አብራችሁ ብትለማመዱት ይመረጣል። ሲጥለው ሰዓት ማየት፤ የተነሳበትን ደቂቃ መያዝ። ከአጠገቡ የሚጎዳውን ማራቅ፣ ከጭንቅላቱ ሥር ለስላሳ ነገር ማድረግ፣ ተደፍቶ ከሆነ ፊቱን ከትራሱ ማላቀቅ። እጅና እግሩን ለመያዝ አለመታገል፤ ትከሻ ይወልቃል። አፉ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አለመክተት፤ ሰው ምላሱን አይውጥም፣ ጥርሱ ግን ይሰበራል። ክብሪት ማሽተት ምንም አያስቆምም፤ ይባስ ብሎ ትንፋሹን ማየት በሚገባው ሰዓት የሰውን ዓይንና እጅ ይይዛል። ለሀፍረት ብሎ ፊቱን በነጠላ ወይም በጋቢ መሸፈን ደግሞ ፈጽሞ አይደረግ። ትንፋሽ መኖሩን የምናውቀው ከንፈሩን፣ አፍንጫውንና ደረቱን በማየት ነው፤ የተሸፈነ ፊት ይህን ይደብቃል፣ አየርም ያሳጣል። አረፋው፣ ለሃጩ አያስተላልፍም። በሽታው በንክኪ አይጋባም፤ በዚህ ፍርሃት ሰው ርቆ ቆሞ የሚያይበት ጊዜ ነው እርዳታ የሚያስፈልገው።

መንቀጥቀጡ እንዳቆመ ነው ዋናው ሥራ የሚጀመረው፤ ብዙ ሰው ደግሞ «አለፈለት፣ ይተኛ» ብሎ የሚሄደው እዚህ ላይ ነው። ወዲያው በጎኑ ማስተኛት፣ አፉ ወደ መሬት ዘንበል ብሎ ምራቁ እንዲወጣ ማድረግ፣ የአንገት ልብሱን ማላላት። ከዚያ ደረቱን እያዩ፣ ጆሮን ወደ አፉ አስጠግቶ እስከ 10 ሰከንድ ማዳመጥ። ማንኮራፋት የሚመስል ከባድ ትንፋሽ የተለመደ ነው። ስሙን መጥራት፣ ትከሻውን መነቅነቅ፣ የደረቱን አጥንት በጣት አንጓ ፈተግ ማድረግ። ዓይኑን ገልጦ እስኪመልስ ድረስ አጠገቡ መቆየት፤ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅም።

ትንፋሽ ከሌለ፣ ወይም አልፎ አልፎ እንደ ማቃሰት ብቻ የሚተነፍስ ከሆነ (ይህ ትንፋሽ አይደለም)፣ መሬት ላይ በጀርባው አስተኝቶ የደረቱን መሃል በሁለት እጅ መጫን፤ ከ5 እስከ 6 ሴንቲሜትር ጠልቆ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ እርዳታ እስኪደርስ። ሌላው ሰው ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ይደውል። መንቀጥቀጡ ከ5 ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም ሳይነቃ ደግሞ ከጣለው፣ ወይም ተጎድቶ ከሆነ፣ ቢተነፍስም ሐኪም ቤት ይወሰድ።

ስለ መንገሩ። «ይደነግጣል፣ ጭንቀቱ ይጥለዋል» የሚለው ስጋትዎ ይገባኛል። ነገር ግን 23 ዓመቱ ነው፤ የት እንደሚኖር፣ ከማን ጋር እንደሚተኛ፣ መድኃኒቱን እንደሚወስድና እንደማይወስድ የሚወስነው እሱ ነው። ያልተነገረው ሰው በሩን ቀርቅሮ ይተኛል። እላይ የጠቀስኩት የ2017 መመሪያም ሐኪሞች ለታማሚዎቻቸው እንዲነግሩ ነው የሚመክረው። ደግሞ የሰፈሩን ልጅ ሞት እሱም ሰምቷል፤ ዝም ቢሉት ብቻውን ነው የሚያስበው።

ስትነግሩት ከቁጥሩ ይጀምሩ፣ ከዚያ ወዲያው ወደሚደረገው ይሂዱ። እንዲህ ቢሉት በቂ ነው፦ «የልጅቷን ነገር ሰምተሃል። በዚህ ሕመም እንዲህ የሚሞት ሰው አለ፣ በዓመት ከሺህ አንድ ያህል። ሌሊት ለሚጥለውና ለብቻው ለሚተኛ ይበዛል። ጨርሶ ከቆመልህ ግን በጣም ይቀንሳል። እኔ የምፈልገው ሁለት ነገር ነው፤ ወደ ሐኪሙ አብረን እንሂድ፣ አዳማም ከሰው ጋር ተከራይ።» ከዚያ እሱ ይናገር። መድኃኒት የሚዘልበት ጊዜ ካለ የሚነግርዎት የማይቆጡት ከሆነ ብቻ ነው። እናታችሁ ጋ ከመድረሱ በፊት ለብቻችሁ ብታወሩት ይቀለዋል።

ወደ አዳማ ከመሄዱ በፊት አሁን የሚከታተልበት ሐኪም ዘንድ አብራችሁ ግቡ። ያለፉትን ሦስት ወራት የጣለበትን ቀንና ሰዓት፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየ፣ በዚያ ሰሞን መድኃኒት ዘልሎ ወይም እንቅልፍ አጥቶ እንደነበር በደብተር ጽፋችሁ ያዙ። ደጋግሞ የሚጥለው ከሆነና ሌላ የሚረዳው ሰው አጠገቡ ካለ፣ በስልክ የተቀረጸ አጭር ቪዲዮ ከብዙ ንግግር በላይ ለሐኪሙ ይነግረዋል። «በወር አንዴ ሌሊት መላ ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል፤ ጨርሶ እንዲቆም ምን ሊለወጥ ይችላል?» ብላችሁ በቀጥታ ጠይቁ። አዳማ ላይ ክትትል የሚያደርግበትን ሆስፒታል ከወዲሁ ለዩ፤ የሚወስደው መድኃኒትና መጠኑ የተጻፈበት የሪፈር ወረቀት አስጽፉ፤ የመጀመሪያውን ወር መድኃኒት ደግሞ ከእጁ ሳይጠፋ ይዞ ይሂድ።